የእማዬ ግማሽ

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ቀኝ ጉልበትዎስ፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል? ወገብዎስ? ዓይንዎስ? ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እህል ይቀምሳሉ? ይህን ሁሉ ጠይቄ «ደኅና ነኝ በላት» ብለው በአንድ ቃል እንደሚገላግሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁና አንድ በአንድ ይመልሱልኝ። እኔ ልጅዎ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በስተቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ወንድም ጋሼ ነው። ወንድም ጋሼ፣ አንተስ እንደምን አለህ? አደራህን፣ እንደ ልማድህ አትሩጥብኝ። ባለፈው የጻፍሁትን አራት ገጽ አባባ በሁለት ደቂቃ ሰምተው እንደጨረሱ ሚስትህ ነግራኛለች። ደስ ያላለህን ትዘልላለህ። ዛሬ ደግሞ ስላንተም የሚያወራ ነገር ስላለበት መዝለል እንደሚያምርህ ከወዲሁ ይታየኛል። ስለዚህ ቁጭ በል፣ መነጽርህን ጥረግ፣ ቀስ ብለህ አንብብ።

አባባ፣ ወንድም ጋሼ ባለፈው ወር የጻፈልኝን ልንገርዎ። በምስጢር ያዢው ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን በገዛ አፉ እያነበበልዎ ስለሆነ ምስጢርነቱ ቀርቷል። እማዬ ካረፈች ጀምሮ አባባ መቁጠሪያ አይደግሙም አለኝ። ኪሳቸው ይዘውት ይውላሉ እንጂ አያወጡትም፤ ቅዳሴም ቀርተዋል፤ ከራት በኋላ እኔ ልጀምር ስል ተነሥተው ወደ ግቢ ይወጣሉ አለኝ። አንድ ቀን አጥብቆ ቢለምንዎ «የምትጀምረው ሄዳለች፤ እኔ ምኑን እመልሳለሁ» ብለውት ወደ ክፍልዎ ገቡ አሉ። ወንድም ጋሼ ፈርቷል። አባባ እግዚአብሔርን ተቀይመዋል ብሎ ነው የሚያስበው። እኔም እስካለፈው ሐሙስ ድረስ እንደ እሱ አስብ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን አንድ ነገር ገጠመኝ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት እሱን ልነግርዎ ነው። በቀጥታ ግን አልገባበትም። ዞር ዞር ብዬ ካልደረስሁ ወሬ እንደማይጥመኝ ያውቃሉ፤ ይህንንም ከማን እንደወረስሁት ያውቃሉ።

እዚህ በሰው አገር የምሠራው ልብስ ታጥቦ በሚተኮስበት ቤት እንደሆነ ከዚህ በፊት ጽፌልዎታለሁ። ክፍሉ ረጅምና ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። መስኮቶቹ ሁለት ናቸው፤ ከረፋዱ ጀምሮ በእንፋሎት ስለሚሸፈኑ ውጭ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጥላ ብቻ ሆኖ ነው የሚታየን። ቀኑን ሙሉ አንሶላና የትራስ ልብስ እተኩሳለሁ። ሙቀቱና የእርጥብ ጨርቁ ሽታ፣ የካውያው ሽው ሽው ማለት ተደምሮ ከቀትር በኋላ እንደ ሕልም ያለ ነገር ውስጥ ይከተኛል። እጄ ይሠራል፣ እኔ ግን የለሁም። አንዳንዴ እናንተ ዘንድ ነኝ፤ አንዳንዴ ልጅ ሆኜ በእርስዎ የአናጢነት ቤት ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ እሰበስባለሁ። ባለቤቲቱ ስትጮህብኝ ነው የምመለሰው። በተናገረች ቁጥር ከአፏ የሚወጣው ትኩስ ስለሆነ እኛ እሜቴ እንፋሎት ነው የምንላት። አትሰማም እንላለን እንጂ ሳታውቅ አትቀርም።

በሩ አጠገብ አንዲት ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን አለች። የደረቀውን ጨርቅ ከመተኮሳችን በፊት የምንረጭበት ውሃ ነው ያለባት። ሥራ በጀመርሁበት ቀን ጠዋት ገና በሩን ከፍቼ ስገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በጠበሉ እንደምናደርገው ጣቴን ነከርሁና አማተብሁ። አባባ፣ አስቤ አይደለም፤ እጄ ነው ያደረገው። እሜቴ እንፋሎት አይታኝ ኖሮ ውሃው ምን አድርጎሽ ነው ብላ ጮኸችብኝ። በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን አንሶላ የሚያጥፈው ሽማግሌ ከእኔ ኋላ ገባ። ከማንም ጋር የማይነጋገር፣ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ የሚደፋ ሰው ነው። ሳህኗ ጋ ቆም አለ፤ ጣቱን ነከረ፤ አማተበ፤ ከዚያ በኮፍያው ሥር በአንድ ዓይኑ አየኝ። ዘጠኝ ዓመት በዚያች ሳህን አጠገብ ሳልፍ አንድም ቀን እንዲህ ማድረግ አልመጣልኝም ነበር ብሎ በኋላ ነገረኝ። በዚህ ተዋወቅን። ቤተ ክርስቲያኑ የት እንዳለ ያሳየኝም እሱ ነው። እሜቴ እንፋሎት ከእኛ እምነት አይደለችም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጠይቃት የሳህኗን ውሃ ጠዋት ጠዋት ራሷ ትቀይረዋለች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ለጨርቁ ንጹሕ ውሃ ይሻላል አለችኝ።

ሁለት መንገድ አልፎ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቀትር ላይ ይደወላል። ደወሉ ሲሰማ አጣፊው አንሶላውን እንደያዘ ይቆማል፤ እኔም ካውያዬን አንሥቼ አቆማለሁ። እመቤታችን ከመልአኩ የሰማችውን በሆዳችን እናስባለን፤ ከዚያ ወደ ሥራችን። ነገሩ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የመጀመሪያ ቀን ግን ካውያውን ማንሣቱን ረስቼ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል የትራስ ልብሱ ጢስ ጢስ ይሸታል፤ የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል። እሜቴ እንፋሎት የዚያን ቀን የተናገረችውን ለእርስዎ አልጽፍም። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን የትራስ ልብሱን ጠቅልላ በብብቴ ሥር ወሸቀችልኝ። እስከ ዛሬ የምተኛው በእሱ ላይ ነው። ጉንጬ ከካውያው ጠባሳ ላይ ሲያርፍ ቀትር ቀትር ይሸተኛል፤ የዚያ ደወል ድምፅ ትራሴ ውስጥ የቀረ ይመስለኛል።

አውቶቡስ ውስጥ የሆንሁትንም ልንገርዎ። አንድ ጠዋት እንቅልፌ ሳይለቀኝ ተሳፍሬ ወንበር አየሁና ቤተ ክርስቲያን ከመቀመጣችን በፊት እንደምናደርገው መተላለፊያው ላይ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ከኋላዬ ይመጡ የነበሩ ሴትዮ ከነዘንቢላቸው ጀርባዬ ላይ ወደቁ። የጠፋብኝን ሳንቲም የምፈልግ መስዬ ወለሉን ስዳብስ እሳቸውም ጎንበስ ብለው አብረውኝ ፈለጉ። ውሸቴን ለአባ ተናዝዣለሁ። አባ በመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ ሰማኋቸው። ንስሐ ገብቼ ስወጣ ሁልጊዜ እግሬ ይቀልለኛል፤ ልጅ እያለሁ አዲስ ጫማ ሲገዙልኝ እንደምሄደው ነው የምሄደው።

የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ደግሞ ገና የመጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብዬ ከሥር አይቻቸዋለሁ። በምስማር ነው የተመቱት፤ ሰው በተነሣ ቁጥር ይጮሃሉ። የእርስዎ እጅ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር ብዬ ለአጣፊው ነግሬዋለሁ፤ አባቴ ለቤተ ክርስቲያናችን የሠሩት ወንበር ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅ አላሰማም ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት። ግን እነዚህንም ወድጃቸዋለሁ። ጠርዛቸው ስንት እጅ እንደያዘው እንጃ፣ ልስልስ ብሏል። ሰላም ተባባሉ ሲባል ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ዞር ብለው እጄን ይይዙኛል። አንዲት አበባ ሻጭ አለች፣ እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ የተቆረጠ ግንድ ይሸታል። በእሷ እጅ ሰላም ያልተባልሁበት እሑድ እሑድ አይመስለኝም።

በወር አንድ ቀን የመሠዊያው ጨርቅ ወደ እኛ ይመጣል። እሱን የምተኩሰው እኔ ነኝ፤ አጣፊውም ለሌላ ሰው አያስነካውም። መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። በቁመቱ ሦስት፣ በወርዱ ሦስት አድርጎ ያጥፈዋል። እኔ ካውያውን ስገፋ እንፋሎቱ ይነሣል፤ እንፋሎቱ ውስጥ እማዬ ትታየኛለች። እርስዎ የሠሩትን ጠረጴዛ እየዞረች ጨርቁን ታለብሳለች፤ ጫፉን በመዳፏ ታስተካክላለች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ትመለከተዋለች፤ ከዚያ ተመልሳ ያልተጣመመውን ታቃናለች። እኔ ካውያውን ወዲያ ስገፋ እሷ ወዲህ ትመጣለች። እንዲህ አብረን እንሠራለን። አባባ፣ በጣም ናፍቃኛለች። ስትቀበር አልነበርሁም፤ ስለዚህ ለእኔ ገና ቤት ውስጥ ናት።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሰባት ስምንት ሆነን በእመቤታችን ሥዕል ፊት መቁጠሪያ እንደግማለን። ሁላችንም ከየአገሩ የመጣን ነን፤ ስለዚህ የሚጀምረው በቋንቋው ይጀምራል፣ የሚመልሰውም በየቋንቋው ይመልሳል። መጀመሪያ ሲሰሙት ገበያ ይመስላል። ከመቁጠሪያው አምስት ምስጢር ሁለተኛው ላይ ሲደረስ ግን ቃሉ ሁሉ አንድ ርዝመት ይሆናል፤ አንድ ላይ ይነሣል፣ አንድ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ። እንዳይስቁብኝ እንጂ ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ይህን ከማን እንደወረስሁት ደግሞ ይታወቃል። ያስታውሳሉ አባባ? እርስዎ በዚያች አጭር ወንበርዎ ላይ፣ እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔና ወንድም ጋሼ ምንጣፉ ላይ። እማዬ ትጀምራለች፣ እኛ ሦስታችን እንመልሳለን። ሦስተኛው ምስጢር ላይ አገጭዎ ደረትዎ ላይ ያርፋል፤ ሆኖም መልሱን አንዴም ስተው አያውቁም። እያንኮራፉ «ቅድስት ማርያም» ይላሉ። እኔና ወንድም ጋሼ በሳቅ ስንሞት እማዬ ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቶም ይጸልያል ትለን ነበር።

ሁልጊዜ የምትጀምርልን አበባ ሻጯ ናት። ሐሙስ ዕለት ግን ጉንፋን ድምፅዋን ወስዶት መጣች። ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየችን፤ ከዚያ ጣቷን ዞር አድርጋ ወደ እኔ ቀሰረችው። እኔም ምን ችግር አለ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ አፌን ከፈትሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ቅድስት ማርያም» ነው። መልሱን ነው የጀመርሁት! አላቆምሁም ደግሞ፤ እስከ መጨረሻው ወርጄ አሜን ብዬ ዘጋሁት። ቋንቋዬን የሚያውቅ አልነበረም፤ አሜንን ግን የማያውቅ የለም። ጸሎቱ አልቋል፤ ለእነሱ የሚመልሱት አልተረፈላቸውም። ሁሉም አዩኝ፤ ከዚያ ያቺ ድምፅ አልባ አበባ ሻጭ ያለ ድምፅ መሳቅ ስትጀምር ሁላቸውም ተከተሏት። እኔም ሳቅሁ። ይቅርታ ብዬ እንደገና ጀመርሁ። አሁንም «ቅድስት ማርያም»።

ሦስተኛ ጊዜ አፌን ስከፍት ምንም አልወጣም። ሳቁም ጠፋኝ። አባባ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መልስ ነው የመለስሁት። የመጀመሪያውን ግማሽ አንድም ቀን ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም፤ እሱ የእማዬ ነበር። እዚህ መጥቼ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስጸልይ እንኳ ለካ ግማሹን ብቻ ነበር የምለው። በእሷ ተራ ዝም እላለሁ። ድምፅዋን በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ስትጨርስ እመልሳለሁ። ካረፈች በኋላም ይህን አልተውሁም። እስከ ሐሙስ ድረስ ግን እንዲህ እንደማደርግ ራሴም አላወቅሁም ነበር።

እንዲያ ደርቄ እንደቆምሁ አጣፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በራሱ ቋንቋ የመጀመሪያዋን ቃል ሹክ አለኝ። ቃሏን አላውቃትም፤ ቦታዋን ግን አወቅሁት። ዓይኔን ጨፍኜ እማዬን አሰብኋትና እሷ እንደምትለው አልሁት። አባባ፣ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ኢየሱስ ከማለቷ በፊት የምትወስዳትን ያቺን አጭር ትንፋሽ ያውቋታል አይደል? ወሰድኋት። ሳላስብ ነው የወሰድኋት። ጨርሼ ዝም ስል ሁሉም በየቋንቋቸው መለሱልኝ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። አምስቱንም ምስጢር ጀመርሁ። ያን ዕለት ሦስተኛው ላይ አልተኛሁም።

ስንወጣ አጣፊው ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። እናቴ አልሁት። አለች ወይ አለኝ። የለችም አልሁት። ኮፍያውን አወለቀና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በእጁ ይዞት ሄደ።  አውቶቡሱ ውስጥ ስቀመጥ ነው እርስዎ ትዝ ያሉኝ፤ ያኔ ነው ያለቀስሁት።

ወንድም ጋሼ፣ ይህችን ደግመህ አንብብላቸው። አባባ እግዚአብሔርን አልተቀየሙም። አርባ ዓመት የመለሱለት ድምፅ ጠፋባቸው እንጂ። አንተ ስትጀምር ተነሥተው የሚወጡት ጠልተውህ ወይም ጸሎት ጠልተው አይደለም። እየሮጥህ ነው የምትጀምረው ወንድሜ፤ ደብዳቤ እንደምታነበው ነው። እማዬ ደግሞ አትሮጥም ነበር። አትቆጣኝ፤ ታናሽህ ነኝ፣ ካላንተ ማንን እናገራለሁ።

አባባ፣ ያሰብሁት እንዲህ ነው። እናንተ ዘንድ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ራት ተበልቶ ገበታው ሲነሣ፣ እዚህ ገና ቀን ነው፤ የመጨረሻዎቹን የትራስ ልብሶች የምተኩስበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በየቀኑ እኔ እጀምራለሁ። እማዬ ትወስድ የነበረውን ያህል ጊዜ ወስጄ ዝም እላለሁ። ያ ዝምታ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይገባበትም። ሰዓቱን አይሳቱ እንጂ ጮክ ማለት አያስፈልግዎትም። ሦስተኛው ላይ ቢተኙም ግድ የለኝም፤ ተኝተውም እንደሚመልሱ ምስክር ነኝ። ካልሆነልዎትም አልቀየምዎትም። ዝም ብዬ እጠብቅና ቀጣዩን እጀምራለሁ። ባለፉት ሁለት ቀናት እንዲያ ሳደርግ ነበር፤ እሜቴ እንፋሎትም ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ አንድም ቃል አልተናገረችኝም።

ለወንድም ጋሼ ሚስት፣ ለእህቴ፣ እጅግ አድርጌ ሰላም እላለሁ፤ የአባባን ጋቢ እንዳትረሽባቸው፣ ማታ ማታ ግቢው ይበርዳል። ትልቋን ልጃችሁን ጉንጯን ስሜያታለሁ፤ የላከችልኝን ሥዕል ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ያ ጢም ያለው ፈረስ አባባ መሆናቸውን ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ። ትንሿንም እንዲሁ፤ ጥርሷ ስንት ደረሰ? ለጎረቤታችን ለአዋላጇ ሰላምታዬ ይድረስ፤ እማዬን እስከ መጨረሻው የያዘቻት እጅ ነውና እጇን ሳሙልኝ። ለእርስዎም አባቴ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ በተለይ ቀኙን።

አሁን ወንድም ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ደርሰሃል። ከዚህ በታች ያለችውን አንዲት መስመር በእኔ ፋንታ አንብባት። አትሩጥ። ኢየሱስ ከማለትህ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ውሰድ። ጨርሰህ ዝም በል። አትሳል፣ አትጠይቃቸው፣ አታግዛቸው። ቀኑንና ቦታውን ማንበብ አያስፈልግህም። አባባ ተነሥተው ወደ ግቢ ቢወጡም አትከተላቸው፤ በሩን ብቻ ክፍት አድርገህ ተቀመጥ።

ጸጋን የተመላሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ጌታ ከአንቺ ጋር ነው፤ ከሴቶች ሁሉ አንቺ የተባረክሽ ነሽ፤ የማኅፀንሽም ፍሬ ኢየሱስ የተባረከ ነው።

ልጅዎ

ከልብስ መተኮሻው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን